የጧፍ ሰምና የአኮርዲዮን ምላስ

ወረታ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለቢሻው ልጅ፣ በእጄ ላሳደግሁህ ለይልቃል፤

የደብራችን ታቦት ካለህበት ይጠብቅህ። ባሕር ማዶ ነው ብሎ አይተውህም፤ ለእሱ ሩቅ የለም። እንዴት ከረምህ? ብርዱስ እንዴት አደረገህ? እኛ ከጎርፉ በቀር ደኅና ነን፤ ጎርፉ ግን ደኅና አላደረገንም።

ይህን የምጽፍልህ እኔው አክስትህ እናኑ ነኝ። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ድሮ የሚጽፍልኝ ልጄ ክንዴ ነበር፤ የዛሬው ጉዳይ የራሱ ስለሆነ ግን ብዕሩን አልሰጠሁትም። ፊደሌ ቢወላገድ እንዳትስቅብኝ፤ ሳቅህ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክንዴ በወረዳው ኪነት ቡድን አኮርዲዮን እንደሚጫወት ታውቃለህ። ያንን ሳጥን አቅፎ ሲውል፣ “የመሪጌታ አዛናው ልጅ ዜማ ትቶ ምን ነካው!” እያልሁ ስነጫነጭ ነበር። ታላቁን ደሳለውን ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከወሰዱብኝ ወዲህ ግን አፌን ዘጋሁ። የኪነት ልጆች “አብዮቱን በዘፈን ያገለግላሉ” ተብለው ከምልመላው ይዘለላሉ። ደሳለው ከሄደ አንዲት ደብዳቤ ብቻ ጽፎልኛል። ክንዴን ያስቀረልኝ ያ ሳጥን ነው፤ እንደ ታቦት ነው የማየው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ ክንዴ ሊለማመድ ብሎ ሳጥኑን ቤት አምጥቶት ነበር። ጎህ ሲቀድ ውሃው ደጃፋችንን አልፎ ገባ። እኔ እህሉን ቆጥ ላይ አወጣሁ፤ ሳጥኑን ማን አስታወሰው! አልጋ ሥር ነበር። አሁን ሲከፍተው እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል። ግማሹ ቁልፍ አይናገርም፤ ግማሹ አንዴ ከጀመረ ዝም በል ቢሉት አይሰማም። ጎንደር ወስዶት ነበር፤ ሰውየው “እኔ የምጠግን ራዲዮ ነው” ብሎ መለሰው።

ጓድ መንግሥቴ የሚባል የኪነቱ ኃላፊ አለ፤ ከመሃል አገር የመጣ ነው። ክንዴን ጠርቶ፣ “የሕዝብ ንብረት አጥፍተሃል። ሚያዝያ 23፣ የሠራተኞች በዓል ላይ ካልተሰማ፣ አኮርዲዮን የሌለው አኮርዲዮን ተጫዋች ኪነት ውስጥ ምን ይሠራል? እጅህ ሌላም ነገር መያዝ ይችላል” አለው። ልጄ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው አንተ ያለህበት አገር ጽሕፈት ነው አሉ፤ የሚሠራው እዚያ ነው። በሞቴ ይልቃል፣ አንድ ግዛና ላክልኝ። ሁለት ልጅ ወልጄ ባዶ ቤት አታስቀረኝ።

አክስትህ እናኑ


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 22 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ እናኑ፤

ከእግርዎ ሥር ሆኜ ጉልበትዎን እየሳምሁ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በራስዎ እጅ የጻፉትን ሳይ መሳቅስ አልሳቅሁም፤ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ሳነበው ጓደኞቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ነበር።

አዲስ አኮርዲዮን መግዛት ለእኔ የሚቻል አይደለም። የተማሪ አበል ምግብና ጫማ ላይ ያልቃል። ግን ዝም አላልሁም። እኛ ከምናድርበት መንገድ ጀርባ ኦቶ የሚባል ሽማግሌ እነዚህን ዕቃዎች ይጠግናል። ትምህርት በሌለኝ ጊዜ እሱ ዘንድ ነኝ። አንዱን ፈቶ አሳይቶኛልና እኔም እንዲሁ ላስረዳዎ።

መሃሉ ላይ የሚዘረጋውና የሚታጠፈው ወናፍ ነው፤ ከአንጥረኛ ወናፍ ምንም አይለይም። ድምፁ ያለው ከውስጥ ነው። ከእንጨት ደረጃዎች ላይ ትንንሽ የብረት ሰሌዳዎች በሰም ተጣብቀዋል። እያንዳንዱ ሰሌዳ ረዘም ያለ ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ላይ ቀጭን የብረት ምላስ በአንድ ጫፉ ተቸንክሯል። ልጆች ሳለን ከደሳለው ጋር የሰንበሌጥ ቅጠል በሁለት አውራ ጣታችን መሃል ወጥረን ስንነፋ “ጆሮዬን!” እያሉ ያባርሩን አልነበር? ነገሩ እሱ ነው። ዋሽንት የሚጮኸው በቱቦው ውስጥ ባለው አየር ነው፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ምላስ የራሱ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ረጅሙና ከባዱ ወፍራም፣ አጭሩና ቀላሉ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ሰሌዳው በወዲያም በወዲህም ምላስ አለው፤ አንዱ ወናፉ ሲከፈት፣ አንዱ ሲዘጋ ይናገራል።

እንግዲህ ክንዴ እንዲህ ያድርግ። ሳጥኑን ፈቶ ጥላ ውስጥ ያድርቀው። ቅባት የሚባል ነገር አይንካው፤ ምላስ ላይ ዘይት ካረፈ ትቢያ ይይዛል። ምላሱን በስለት ጫፍ ከፍ እያደረገ ዝገቱን በቀስታ ያራግፈው። ውሃው ሰሙን አላቆት ከሆነ ንፋስ ያሾልካል፤ የሚያሾልከውን ክፍተት ሁሉ በንጹሕ ሰም ይድፈን። ሰምስ ከእርስዎ ቤት አይጠፋም! የተሰበረ ምላስ ካለ ልኩን በወረቀት ላይ ነድፎ ይላክልኝ፤ ኦቶ ተመሳሳዩን ይፈልግልናል።

አይዞዎት። አልሞተም፤ ይድናል። ለክንዴና ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ከደሳለው ደብዳቤ ሲመጣ ወዲያው ያሳውቁኝ።

ልጅዎ ይልቃል


ወረታ፣ ጥር 16 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለይልቃል፤

ጤና ይስጥህ። ሰላምታውን ላሳጥረው፤ ልቤ አልተረጋጋም።

ደብዳቤህ ከገና በኋላ ደረሰን። አንብበን ሳንጨርስ ሳጥኑን ፈታነው። ክንዴ ዝገቱን አራገፈ፤ ሰሙ የኔ ሥራ ሆነ። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስገምድ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሴት በሰም ማን ይቀድመኛል? ነጩን፣ ለፋሲካ ያስቀመጥሁትን አወጣሁ። አየሁ፤ በየምላሱ ዙሪያ ፀጉር የምታሾልክ ክፍተት አለች። ጋን ሲያፈስ፣ ጎታ ሲሰነጠቅ መድፈን ነው እንጂ እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ? “ለካ ንፋሱ የሚያልቀው በዚህ ነው!” አልሁ። አንተም ክፍተት ሁሉ ብለሃል። በመርፌ ጫፍ እየነካሁ፣ ዐይኔ እስኪፈዝ፣ የሁሉንም ዙሪያ አንድ በአንድ ደፈንሁት። እንደዚያ የጠራ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ክንዴም “እማዬ፣ እጅሽ ይባረክ!” አለኝ።

ከዚያ ሰበሰብነው። ክንዴ አቀፈው፤ ሳበው።

ምንም የለም።

ያ የሚያቃስተው እንኳ ጠፋ። ቁልፉን ሁሉ ነካካው፤ የድሮው ደኅና የነበረው ጭምር ዲዳ ሆነ። ወናፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሆድ ሲብስ የሚወጣ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ክንዴ ሳጥኑን አስቀምጦ ወደ ሩዙ ማሳ ሄደ፤ እስኪመሽ አልተመለሰም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ገደልሁት ይልቃል! በገዛ እጄ፣ በገዛ ሰሜ የልጄን መከታ ገደልሁት።

መንግሥቴ ከጥምቀት በኋላ ደጃፌ ድረስ መጥቶ፣ “እናታችን፣ አኮርዲዮኑ እንዴት ነው?” አለኝ። “እየተሻለው ነው” አልሁት። ታሞ የተኛ ዘመድ የጠየቀኝ ይመስል!

በናትህ ፍጠን። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል፤ እኔ የምጨብጠው ያንተን ወረቀት ነው።

እናኑ


ላይፕዚግ፣ የካቲት 19 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለምወድዎ አክስቴ፤

ጤናዎን እየተመኘሁ ነገሩን አስቀድማለሁ። አልገደሉትም። ጥፋቱም የእርስዎ አይደለም፤ “ክፍተት ሁሉ” ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። እኔ ያልሁት ሰሌዳው ከእንጨቱ ጋር የሚጣበቅበትን ነበር። ለኦቶ ስነግረው ጭንቅላቱን ይዞ፣ “ሁሉንም? በመርፌ?” አለና እየሳቀ፣ “እኔ ዘንድ መጥተው ይሥሩ በላቸው” አለኝ።

በምላሱ ዙሪያ ያለችው ክፍተት፣ ድምፁ ያለባት እሷ ናት። ምላሱ በአንድ ወገን ተቸንክሮ በሦስቱ ወገን ነጻ መሆን አለበት፤ ምንም አይነካም። ከቀዳዳው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። ንፋሱ ሲመጣ ይገፋዋል፤ ምላሱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባና የንፋሱን መንገድ ይዘጋል። ግን ብረት ነውና ታጥፎ አይቀርም፤ ይመለሳል፤ መንገዱ ይከፈታል፤ ንፋሱ እንደገና ይገፋዋል። ይህ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ዐይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ይደጋገማል። እኛ የምንሰማው ብረቱን ሳይሆን እየተቆራረጠ የሚወጣውን ንፋስ ነው። ዙሪያውን በሰም ሲይዙት መመላለሱ ቀረ፤ ንፋሱ ሳይቆረጥ ታፍኖ ቀረ። ዲዳ ያደረገው ይኼ ነው።

ስለዚህ እሳት አያስጠጉት፤ ሰሌዳውን ከእንጨቱ ጋር የያዘው ሰም አብሮ ይቀልጣል። ፀሐይ ላይ አድርገው ለዘብ ሲል በእሾህ ጫፍ ያንሡት። ከዚያ የመሰንቆ ጭራ አንድ ዘለላ ወስዳችሁ በምላሱ ዙሪያ አሳልፉት፤ ጭራው ሳይያዝ ካለፈ ነጻ ወጥቷል ማለት ነው። ቅኝቱ ከተበላሸ ደግሞ ጫፉን በምላጭ ቢፍቁት ይቀልላል፤ ድምፁ ይቀጥናል። ሥሩን ቢፍቁት ይደክማል፤ ድምፁ ይወፍራል። ግን በጣም በጥቂቱ፤ አለዚያ ይሰበራል።

ይህን ደብዳቤ ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ጓደኛዬ ሰጥቼዋለሁ፤ ከፖስታው ይቀድማል። እስከ ሚያዝያ ጊዜ አለ። አይዞዎት ማለት ሰልችቶኛል፤ ግን አይዞዎት።

ይልቃል


ወረታ፣ መጋቢት 21 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለይልቃል፤

እልልልል! ይህን ቃል በደብዳቤ መጻፍ እንደሚቻል መሠረተ ትምህርት አላስተማሩኝም፤ እኔ ግን ጻፍሁት። ተናገረ ይልቃል! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ፆሙን አስረሳኸኝ፤ ጎረቤቴ ባየች እልልታዬን ሰምታ ደሳለው የመጣ መስሏት ቀሚሷን ሰብስባ ስትሮጥ መጣች። አኮርዲዮኑ ነው ስላት ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስሁ።

ሰሙን ያነሣሁት ራሴ ነኝ፤ የዘጋሁትን ራሴ ልክፈት ብዬ። ክንዴ ጭራውን እያሳለፈ፣ “ይኼ ነጻ ወጣ፣ ይኼም ነጻ ወጣ” ይል ነበር። ቅኝቱ ላይ ደግሞ እኔ ጆሮ፣ እሱ እጅ ሆንን። መሪጌታ ነፍሱን ይማረውና ዜማ ሲያስተምር ጓዳ ሆኜ የሰማሁት ለዚህ ቀን ኖሯል። “ወረደ፣ ጫፉን ነካ አድርገው” እላለሁ፤ ይፍቃል። “አሁን ሾለ፣ ሥሩን” እላለሁ። እየተጨቃጨቅን፣ እየተሳሳቅን። ከደሳለው መሄድ ወዲህ በዚህ ቤት ሳቅ አልነበረም።

ሁለቱን ግን አብዝቶ ፋቃቸውና ተሰበሩ። የሁለት ጥርስ ክፍት ያለው ሰው ሲዘፍን እንደሚሆነው ሆኗል። ልካቸውን ነድፎ በዚህ ውስጥ አስቀምጦልሃል። ሁለቱን ምላስ ከኦቶ ለምነህ ላክልኝ፤ መንግሥቴ ጆሮው ሰበብ ነው የሚፈልገው።

አገሩ ከብዷል። ከሰሜን መጥፎ ወሬ ይነፍሳል፤ የሚያወራው ሰው ግን ዞር ዞር እያለ ነው። ምልመላው በርትቷል፤ ከየቀበሌው ይህን ያህል አምጡ ተብሏል። የባየች ልጅ፣ ደረሰ የሚባለው፣ ከምልመላው ሸሽቶ ቀን ቀን ወንዙ ዳር ደንገሉ ውስጥ ነው የሚውለው። እኔ ግን ከባየች ፊት የኔን ደስታ መደበቅ አቃተኝ፤ ጥሩ አይደለም።

እናኑ


ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

እልልታዎ ደረሰኝ። ለኦቶ አንብቤ ተርጉሜለት “ይህ ቃል ምን ማለት ነው?” ሲለኝ ጮኼ አሳየሁት፤ ከላይ ፎቅ ያሉት ሰዎች ወለሉን ደበደቡብን።

ሁለቱ ምላሶች ተገኝተዋል። ኦቶ ራሱ ከንድፉ ጋር እያስተያየ መረጣቸው፤ ዋጋም አልተቀበለኝም። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እስካገኝ በመሐረብ ጠቅልዬ ይዣቸዋለሁ። ለበዓሉ ባይደርሱ ክንዴ እነዚያን ቁልፎች እየዘለለ ይጫወት።

አክስቴ፣ ደሳለው በጻፈልዎ ደብዳቤ ላይ የክፍሉን ስም ወይም የነበረበትን ቦታ ጽፎ ነበር? ካለ ይላኩልኝ። ለሌላ አይደለም፤ እንዲያው ለማወቅ ነው።

ይልቃል


ወረታ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለይልቃል፤

ይህን በፖስታ አልሰጥም፤ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ይደርስሃል። አንብበህ ቅደደው።

ሚያዝያ 23 ክንዴ ተጫወተ። መኪና ላይ፣ ባንዲራው ሥር አቆሙት። ሁለት ምላስ የጎደለው ማን አወቀበት! ድምፁ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ፤ ከየቀበሌው፣ ከየጎጡ ሰው ጎረፈ። ያን ያህል ጊዜ ዘፈን የጠማው ሰው ነው፤ ደንገል ውስጥ የነበሩት ልጆች ሳይቀሩ ወጡ። “ዛሬማ በዓል ነው፣ ዛሬ ማንንም አይነኩም” ተባብለው። ደረሰን አየሁት፤ ትከሻውን ሲሰብቅ፣ ሲስቅ። እኔም ቆሜ አጨበጨብሁ። ልጄ ተረፈ ብዬ አጨበጨብሁ ይልቃል!

መኪኖቹ ከባሕር ዳር በኩልም ከጎንደር በኩልም መጡ። ወታደር አደባባዩን ከበበ። ክንዴ ከላይ ሆኖ ሁሉን ያያል፤ መንግሥቴ ከጎኑ ቆሞ “አታቁም፣ ተጫወት!” ይለዋል። ልጆቹን እየጎተቱ ሲጭኑ ያ ሳጥን ይዘፍን ነበር። ደረሰን እጁን ጠምዝዘው ጫኑት። ባየች ከመኪናው ኋላ ስትሮጥ ወደቀች፤ ልጄ ግን በላይ በኩል ይጫወታል።

ማታ ወደ ባየች ቤት ሄድሁ። በሩን አልከፈተችልኝም። ከውስጥ፣ “የጠገንሽው ለዚህ ነው እናኑ?” አለችኝ። ምነው ብትረግመኝ!

መንግሥቴ በማግስቱ ስኳር ይዞ መጣ። “ልጅዎ ለአብዮቱ ከመቶ ካድሬ ይበልጣል። ከእንግዲህ በየገበያው እንዞራለን” አለኝ። ቀጥሎ ሐሙሲት ነው። ክንዴ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም። “እማዬ፣ አልጫወትም” አለኝ።

እኔ ምን ያልሁት ይመስልሃል? ተጫወት አልሁት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። “የሌላው ሰው ልጅ እንደሆነ የእናቱ ነው፤ እኔ የማውቀው ያንተን እናት ነው፤ ተጫወት!” አልሁት። ይህን ያለች አፌ ናት። የመሪጌታ ሚስት፣ ጧፍ ገማጇ። እግዜር ይፍረድብኝ፤ ግን ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የምለው።

ምላሱን ተወው። አሁን የምለምንህ ሌላ ነው። አንተን ይሰማሃል፤ ታላቁ ነህ። ተጫወት ብለህ ጻፍለት። አፈር ስሆን፣ በአባትህ በቢሻው አጥንት!

የደሳለውን ክፍል የጠየቅኸኝ ለምንድን ነው? ምን ሰማህ?

እናኑ


ላይፕዚግ፣ ሰኔ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

አክስቴ፤

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እመልሳለሁ።

ለክንዴ ልጽፍለት ወረቀት አወጣሁ። “ተጫወት” ብዬ ጻፍሁ፤ ቀደድሁት። “አትጫወት” ብዬ ጻፍሁ፤ እሱንም ቀደድሁት። እዚህ ሙቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ከሁለቱ አንዱን ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ሳየው አፈርሁ። እርስዎ አሳድገውኛል፤ ያዘዙኝን እምቢ ብዬ አላውቅም። ይህን ግን አልቻልሁም። ይቅር ይበሉኝ።

ክንዴን ይሳሙልኝ። በእኔ ምትክ ግንባሩን ይሳሙልኝ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ሁለቱ ምላሶች ከሰው ጋር ተልከዋል።

ይልቃል


ወረታ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለይልቃል፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ምላሶቹም ደብዳቤህም ባንድ ላይ ደረሱኝ። መሐረቡን ፈትቼ አየኋቸው፤ ያብረቀርቃሉ። ሽማግሌውን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።

ክንዴን ይሳሙልኝ ያልኸኝን አላደረስሁም። የለም።

የሐሙሲት ገበያ ለት ከሌሊት ጀምሮ እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርሁ። ስመለስ ሳጥኑን አንግቶ ተዘጋጅቶ አገኘሁት። “እሽ እማዬ፣ እጫወታለሁ” አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጸሎቴ ተሰማ ብዬ እንጀራ በሽሮ አቀረብሁለት፤ በላ። ግንባሬን ስሞኝ ወጣ። የሰሜ ሙዳይ ክዳኑ ገርበብ ብሎ ነበር፤ አየሁት፤ ልብ አላልሁም።

ሐሙሲት የነበረ ሰው ነው የነገረኝ። መኪናው ላይ ወጣ፤ መንግሥቴ “ጀምር!” አለው። ክንዴ ወናፉን እስከ ጫፉ ሳበው። ትንፋሽ ብቻ። ዘጋው፤ ትንፋሽ። ጣቱ በቁልፎቹ ላይ ይሮጣል፣ አፉ ይዘፍናል፣ ሳጥኑ ግን ይተነፍሳል እንጂ አይናገርም። መጀመሪያ ገበያው ሳቀ። ልጄ ግን አልሳቀም፤ ልጆቹን እያየ፣ እያየ ዲዳውን ሳጥን ይጎትታል። የወረታው ወሬ ደርሷቸው ኖሮ አንዱ ወጥመዱ ገባውና ሮጠ፤ ሁለተኛው ተከተለው። መኪኖቹ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ሲደርሱ ገበያው ሽማግሌና ሴት ብቻ ነበር። ሜዳው፣ ደንገሉ፣ ልጆቹን ሁሉ ውጧቸዋል።

ወታደሮቹ በባዶው መኪና ክንዴን ጭነው ሄዱ። ወዴት እንደሆነ አልነገሩኝም። በየቢሮው ብዞር “የኪነት ሰው ስለሆነ እኛ ዘንድ አይመዘገብም” አሉኝ፤ ኪነቱ ደግሞ “ከእኛ ወጥቷል” አለኝ።

መንግሥቴ ሳጥኑን ግቢዬ ውስጥ ወርውሮ፣ “ይኼው ውሃ የበላው ዕቃችሁ” ብሎኝ ሄደ። የጎርፉ ነው የመሰለው። እኔ ፈታሁት። ገና ሳየው አወቅሁት። የእያንዳንዱ ምላስ ዙሪያ በነጭ ሰም፣ በመርፌ ጫፍ፣ ምንም ሳያንጠባጥብ ተደፍኗል። የኔ እጅ ሥራ ነው የሚመስለው። ቁጭ ብሎ ሲያየኝ የተማረው ነው።

ባየች መጣች። በሩን ሳታንኳኳ ገባች፤ ሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ፀጉሬን እየዳበሰች ዋለች። ሁለታችንም የወንድ ልጅ ስም አላነሣንም።

ስለ ደሳለውም አልመለስህልኝም። ዝም ያልኸው ገብቶኛል ይልቃል። አትጻፍልኝ። በደብዳቤ አልፈልገውም።

ገንዘብም ምላስም አልለምንህም። ርብ እየሞላ ነው፤ ትናንት የማሳው ዳር ደርሷል። ዘንድሮ ሳጥኑን ቆጥ ላይ አወጣሁት፤ እህሉ ታች ነው። ሰሙን አልነካሁትም። ፀሐይ ላይ ባደርገው፣ በእሾህ ባነሣው እንደሚናገር አውቃለሁ፤ ግን የዘጋው እሱ ነው፤ መጥቶ ይክፈተው።

አንዲት ነገር ብቻ ሽማግሌውን ጠይቅልኝ። የብረት ምላስ ሰም ውስጥ ሆኖ ሳይዝግ ስንት ዓመት ይቆያል?

አክስትህ እናኑ